ሆድ ሲታወክ ምን ይጠጣ?

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ከጓዳ አይወጣም። አብሽ፣ ተልባ፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ አጥሚት፣ ስኳርና ጨው፤ ሆድ ሲታወክ ቶሎ እጃችንን የምንሰድባቸውን እነዚህን ነገሮች እናነሣለን። የትኛው ለምን ይጠቅማል? የትኛው ያባብሳል? ለማንስ አይሰጥም? ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ ጠጋ አድርጉ፤ መሐል ላይ መጻፍ ያለባት አንዲት ልኬት አለች።

ጎረቤት «ሆዴን አሞኛል» ሲለን ወዲያው «ተልባ ጠጣበት» ወይም «ጤና አዳም አኝክበት» እንለዋለን። ምክሩ ከልብ ነው። ነገር ግን ሰውየው የት ላይ እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን በልቶ እንደነበር ገና አልጠየቅነውም። ከእምብርቱ በላይ የሚያቃጥለው ሰው፣ ሽሮ በልቶ ሆዱ የተነፋ ሰው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ የሚያስቀምጠው ሰው፣ መኪና ሲሳፈር የሚያቅለሸልሸው ሰው፤ አራቱም ሆዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የሚጠጡት ግን አንድ ዓይነት መሆን የለበትም።

ከተቅማጥ እጀምራለሁ፤ ከእነዚህ ሁሉ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ብዙዎቹን ለሞት የሚያደርሳቸው ከሰውነታቸው ተጠርጎ የወጣው ውሃና ጨው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተቅማጡን ምን ያቆመዋል?» ሳይሆን «የወጣውን ምን ይተካዋል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልሰው መድኃኒት ደግሞ በየቤታችን አለ፤ ጨው፣ ስኳርና ንጹሕ ውሃ። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ይመስለኛል ክብር የምንነፍገው። መርፌ ያልተወጋ፣ እንክብል ያልዋጠ ሰው ብዙ ጊዜ የታከመ አይመስለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንጀት በተቅማጥ ሲጎዳ ንጹሕ ውሃ ብቻ ቢጠጡበት የወጣውን ጨው አይተካም፤ ጨው የበዛበት ውሃ ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል። ነገር ግን የአንጀት ግድግዳ ጨውንና ግሉኮስን፣ ማለትም ስኳር ሲፈጭ የሚገኘውን ንጥረ ነገር፣ አንድ ላይ ሲያገኛቸው አያይዞ ያስገባቸዋል። ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። ይህ መንገድ በከባድ ኮሌራ ጊዜ እንኳ አይዘጋም። ሮበርት ክሬን የተባለ ተመራማሪ ይህን አሠራር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ በተደረገ ጉባኤ ላይ ነበር።

ነገሩ ከወረቀት ወርዶ ሰው ያዳነበትን ቦታ ደግሞ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1971፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር ጦርነት ሲነሣ፣ ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ቦንጋዮን በምትባል የድንበር ከተማ በስደተኞቹ መካከል ኮሌራ ገባ። ሆስፒታሉ ሞላ፤ ሰው መሬት ላይ ተኛ፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀ መጣ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም የቀረችውን አማራጭ ወሰደ። ጨውና ግሉኮስ በልክ አስመዝኖ በውሃ አስበጠበጠ፤ በበርሜል አስቀመጠው፤ ለታማሚዎቹም ቤተሰቦቻቸው እየቀዱ እንዲያጠጧቸው አደረገ። ነርስ የለም፣ መርፌ የለም፤ የምታጠጣው እናት ናት፣ እህት ናት። ቀድሞ ከ100 ታማሚዎች 30 ያህሉ ይሞቱ በነበረበት ቦታ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 4 ገደማ ወረደ። ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ርእሰ አንቀጽ ይህ ግኝት ከክፍለ ዘመኑ የሕክምና እርምጃዎች ሁሉ ዋነኛው ሳይሆን እንዳልቀረ ጻፈ።

አሁን እስክሪብቷችሁን አንሡ። አንደኛው ምርጫ ከጤና ጣቢያ፣ ከጤና ኬላ ወይም ከፋርማሲ የሚገኘው ኦአርኤስ ነው። የአንድ ሊትሩ ዱቄት 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው ይዟል፤ ፖታሲየምና ሲትሬትም ተጨምረውበታል። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የአንድ ሊትር ከሆነ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ልኩ ነው። እንዲጠነክር ብላችሁ በግማሽ ሊትር አትበጥብጡት፤ እንዲበረክት ብላችሁም ሁለት ሊትር አታድርሱት። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋና አዲስ ይዘጋጃል።

ኦአርኤስ ከሌለና ሰዓቱ ሌሊት ከሆነ በቤት እንዲህ አድርጉ፦ ለአንድ ሊትር ፈልቶ ለቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ ልሙጥ ይሁን፤ የተከመረ አይሁን። ደግሜ እላለሁ፤ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ሊትር ውሃ። ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ቅመሱት። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና ጀምሩ፤ የበዛ ጨው ሕፃን ይጎዳል።

ስንት ይጠጣ? ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በቡና ሲኒ ከአንድ ሲኒ ትንሽ ያነሰ ወይም ትንሽ የበለጠ ይሰጠዋል። ከዚያ በላይ ያሉ ልጆች እስከ አሥር ዓመት ድረስ የዚህን እጥፍ ይጠጣሉ። ትልቅ ሰው የጠማውን ያህል ይጠጣ። ልጁ ቢያስመልሰውስ? እናቶች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ሲተዉት ይታያል። አትተዉት። 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ስጡት። በአንዴ በብርጭቆ የተጋተ ይመለሳል፤ በማንኪያ የገባው ግን አብዛኛው ይቀራል። ጤና ባለሙያ የዚንክ እንክብል ካዘዘም ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ስለቆመ አታቋርጡት። ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ነው፤ የሚቀጥለውንም ተቅማጥ ይከላከላል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ የምንወደው ስሕተት አለ። ልጅ ሲያስቀምጠው ለስላሳ ይገዛና፣ ጋዙ እንዲወጣ በማንኪያ ተማስሎ ይሰጠዋል። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ እጅግ የበዛ፣ ጨዉ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ነው። የበዛው ስኳር ከሰውነት ውሃ ስቦ ወደ አንጀት ያስገባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። የታሸገ ጁስም ያው ነው። በዚያ ገንዘብ ኦአርኤስ ይገዛል።

አጥሚት ግን ይመሰገናል። ከአጃ ወይም ከገብስ የተሠራ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ጨው ቆንጠር ተደርጎበት ሲጠጣ፣ ስታርቹ አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ግሉኮስ ስለሚፈጭ ከላይ ያነሣነውን ሥራ ይሠራል፤ ጉልበትም ይሰጣል። የተቀቀለ ሩዝ ውሃም እንዲሁ። ምግብ መከልከል ግን አያስፈልግም። ጡት የሚጠባ ልጅ ይጥባ፤ እንዲያውም አዘውትሮ ይጥባ። እህል የጀመረ ልጅ ሙዝ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ለስለስ ያለ ገንፎ ይብላ። «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ በረሃብ የተቀጣ ልጅ ለመዳን የሚያስፈልገውን ጉልበት ያጣል።

ስለ ሕፃናት ካነሣን አንዳንድ ነገሮችን በግልጽ እንናገር። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ አብሽም፣ የስኳር ውሃም፣ ቅቤም፣ የጤና አዳም ውሃም አያስፈልገውም፤ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ተቅማጥ ከያዘው ጡቱ አይቋረጥም፤ ወደ ጤና ተቋምም በቶሎ ይወሰድ። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ በምንም መልኩ አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የአንድ ባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ጡንቻን ያሽመደምዳል፣ ትንፋሽን ያግዳል። ሌላው «ግግ ነው» ተብሎ የሕፃኑን ድድ እየፈለቀቁ ገና ያልበቀለ ጥርስ ማውጣት፣ እንጥልም ማስቆረጥ ነው። ተቅማጡ የመጣው ከውሃው፣ ከእጁ፣ ከጡጦው ነው፤ ከድዱ አይደለም። ውሃ አልቆበት የደከመን ሕፃን ደም ማስፈሰስና ለቁስል መመረዝ ማጋለጥ ግን በበሽታው ላይ ሌላ በሽታ መጨመር ነው። አያቶች ሲያደርጉት የኖሩት በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይቅር።

ወደ ጨጓራ እንለፍ። እዚህ ላይ ተልባና አብሽ ንጉሥ ናቸው። ተልባው ተለቅሞ ይቆላል፣ ይፈጫል ወይም ይወቀጣል፤ በውሃ ይበጠበጥና ገለባው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል ወይም በወንፊት ይጠለላል። ሳይፈጭ በሙቅ ውሃ ተነክሮ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ወፍራም ልጋግ ያወጣል፤ ጉሮሮን ሲያልፍ ያ የሚያሟልጭ ነገር ነው የሚሰማን። አብሽ ሌላ ሞያ ይጠይቃል። ዱቄቱ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጠዋት ከላይ የቀረረው መራራ ውሃ ይደፋል፤ ከሥር የቀረው ትንሽ ትንሽ ውሃ እየተጨመረበት እስኪነጣና አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይመታል። መራራው ውሃ ሳይደፋ ለእንግዳ አብሽ ያቀረበች ባለሞያ ስሟ በሰፈር ይነሣል። ከዚያ ማር ይጨመርበታል።

ሁለቱም ይህን ልጋግ ስላላቸው የተቆጣን ጨጓራ ለጊዜው ያለሰልሳሉ፤ ሆድ ድርቀትንም ይረዳሉ። ተልባ ለድርቀት የሚወሰድ ከሆነ ከብዙ ውሃ ጋር ይሁን፤ በትንሽ ውሃ ከተወሰደ ጭራሽ ያደርቃል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች አብሽ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። ነፍሰ ጡሮችም በምግብ ውስጥ ካለው ትንሽ መጠን አልፈው አብሽ በብርጭቆ አይጠጡ። እንክብል የሚውጥ ማንም ሰው በመድኃኒቱና በተልባው መካከል የአንድ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይተው፤ ልጋጉ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል።

ይሁንና ተልባ ቁስሉን አይፈውሰውም። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም የጨጓራ ቁስል ከጭንቀት፣ ከአሲድና ከቅመም ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለውን ባክቴሪያ ከታማሚዎች ጨጓራ አግኝተው አራቡት። ያመናቸው ሰው ጥቂት ነበር። ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣው! በጥቂት ቀናት ውስጥ ያቅለሸልሸውና ያስመልሰው ጀመር፤ ጨጓራው በመሣሪያ ሲታይም ተቆጥቶ ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ከሕዝቡ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ይህን ባክቴሪያ ይዞ እንደሚኖር ያሳያሉ። አብዛኛው ምንም አይሰማው ይሆናል፤ ቁስል ያወጣበት ሰው ግን ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አንድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀናት፣ ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። ወራት በተልባ ላይ ከማሳለፍ አንድ ጊዜ መመርመር ይሻላል።

ሌላው የጨጓራ ጠላት ራሳችን ከፋርማሲ የምናመጣው ነው። ለወገብ፣ ለራስ ምታት እየተባለ በባዶ ሆድ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን የጨጓራን ግድግዳ መከላከያ ያሳሳዋል። ጠዋት ዳይክሎፌናክ ውጦ ማታ ተልባ የሚጠጣ ሰው ብዙ ነው። ወተትስ? ሲጠጡት ያበርዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጨጓራ ይበልጥ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል። ቃር የሚያስቸግረው ሰው እራት በልቶ ወዲያው ባይተኛ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ፣ ከማንኛውም መጠጥ የበለጠ ይጠቀማል። የናና ሻይ የምትወዱ ደግሞ ይህን ስሙ፤ ናና የሆድ ቁርጠትን ያላላል፣ ነገር ግን በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውንም ጡንቻ ስለሚያላላ ቃርን ያባብሳል።

ሆድ መነፋት ቀላሉ ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ የሁላችን ነው። ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ውስጥ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ። ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ ጋዙ ከዚያ ይመጣል። ጥራጥሬውን አዳሩን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ የእንስላል ወይም የዝንጅብል ሻይ ትኩስ ትኩሱን መጠጣት ደስ ያሰኛል። አምቦ ውሃ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታሸገ ሲሸጥ የኖረ የሆድ ወዳጅ ነው። ግሳቱ ቀለል ያደርጋል፤ ጋዙ ግን ለተነፋ ሆድና ለቃር ተጨማሪ ጋዝ መሆኑን አትርሱ። አረቄ በነጭ ሽንኩርት ስለሚሉት መድኃኒት የምለው አጭር ነው፤ ጨጓራ የሚያቆስል ነገር ጨጓራ አያድንም።

ዝንጅብል ከዛሬዎቹ ዕፅዋት መካከል በሳይንስ በጣም የተመሰከረለት ነው፤ ለማቅለሽለሽ። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጠዋት ጠዋት ለሚያስቸግራት ሴት ጥናቶች ደግፈውታል። አውራ ጣት የምታህል ትኩስ ዝንጅብል ተልጣ፣ ተከትፋ፣ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ለ10 ደቂቃ ያህል ትፍላ፤ በቀን ውስጥ ቀስ እየተባለች ትጠጣ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አያብዛው።

ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅርንጫፍ ችግር የለባትም። ለቁርጠት ተብሎ እፍኝ ሙሉ ተጨምቆ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ አትንካው፤ ማሕፀንን ያነቃቃል። ኮሶም እንዲሁ። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ለዘመናት ኮሶ ትሉን በኮሶ አበባ ሲያስወጣ ኖሯል፤ መድኃኒቱ በእርግጥም ይሠራል። ነገር ግን መርዛማ ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ የዓይን ነርቭን ጎድቶ ያሳውራል፤ ፅንስም ያስወርዳል። ዛሬ ለኮሶ ትል በሐኪም ትእዛዝ አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። በመሳቢያ ውስጥ የቀረ ፍላጅል ወይም ቴትራሳይክሊን አንሥቶ መዋጥም ከኮሶው እጅግ የራቀ ድፍረት አይደለም።

ጓዳውን ትታችሁ ወደ ጤና ተቋም የምትሮጡት እነዚህን ስታዩ ነው፦ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ ደም ማስመለስ፤ ከፍተኛ ትኩሳት፤ እንደ ሩዝ ውሃ ነጣ ያለ፣ እየደጋገመ የሚወርድ ተቅማጥ፤ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ወርዶ እየበረታ የሚሄድ ሕመም፤ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ። በሕፃን ላይ ደግሞ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ካልሸና፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ወይም መጠጣት አቅቶት ከፈዘዘ አትጠብቁ። ስትደርሱም የሰጣችሁትን ሁሉ፣ ቅጠሉንም ሥሩንም፣ ሳታፍሩ ንገሯቸው፤ ባለሙያው የሚያዝዘውን መድኃኒት የሚመርጠው በዚያ ነው። ኦአርኤሱን በጥብጣችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ልጁ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ታክሲ ውስጥም፣ ተራ እየጠበቃችሁም፣ በማንኪያ መስጠታችሁን አታቋርጡ።